ኩይሳ ውስጥ ያለው እርሻ

በመተማ ቆላ ኩይሳ የማያውቅ ሰው የለም። ውስጡን ግን እኛ አስተማሪዎቹም አናውቀውም ነበር።

ምስጥ የማሽላ አገዳ፣ ደረቅ እንጨትና ሣር ይበላል። አገዳ ጠንካራ ነው። የምስጥ ሆድ ብቻውን አይችለውም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ትልልቅ ኩይሳ የሚሠራው ምስጥ ሻጋታ ያመርታል! አገዳውን አኝኮ ይውጣል። ሳይፈጭ የወጣውን ኩስ ከጉድጓዱ ውስጥ ይከምረዋል። ክምሩ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። በላዩ ሻጋታ ይበቅላል። ሻጋታው ጠንካራውን ነገር ያላላዋል። ከዚያ ምስጡ ክምሩን ከነሻጋታው ይበላዋል። እኛስ ሊጡን በእርሾ እናቦካ የለም? በእርሾ ውስጥ ያለውም የሻጋታ ዘመድ ነው።

በክረምት ኩይሳ ላይ የሚበቅለው ትልቅ እንጉዳይ ከዚሁ ሻጋታ የሚወጣ ነው። (እንጉዳይ ሁሉ ግን አይበላም፤ የሚገድል አለ።)

ጉዳቱ በሰሊጥ ላይ ነው። ታጭዶ ሂላ ሲቆም ምስጥ ከሥር ይገባል። ኩይሳውን ከላይ ብናፈርሰው እርሻውና እናቲቱ ከውስጥ ናቸው፤ መልሰው ይሠሩታል። ስለዚህ ሂላውን ከኩይሳ አርቃችሁ አቁሙ። ሥሩን በየቀኑ እዩ። ሰሊጡ እንደደረቀ ሳትውሉ ሳታድሩ አራግፉት።