ከወደብ እስከ ቡሌ ዳገት፦ የአንዲት መኪና እውነተኛ ዋጋ

በውጭ አገር የሚኖር ወንድም ቡሌ ወዳሉት ቤተሰቦቹ ስልክ ደወለ እንበል። «እዚህ አንዲት ጥሩ መኪና አግኝቻለሁ፤ ዋጋዋ 10000 ዶላር ነው። እኔ ግማሹን እከፍላለሁ፤ የቀረውን እናንተ ብትሞሉት እልክላችኋለሁ» ይላቸዋል። ቤተሰቡ ከገብስና ከበግ ሽያጭ፣ ከዘመዶቹም የቡና ገቢ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ አለው። መኪናዋ ከቡሌ ዲላ እየተመላለሰች ሰውና ዕቃ ብታመላልስ ልጆቹን ታስተምራለች የሚል ተስፋም አለ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድም ወረቀትና እርሳስ ይዞ 10000ን በምንዛሪው ያባዛል፤ ለቀረጥ ብሎም ጥቂት ይጨምርበታል። የሚያገኘው መልስ ግን ከእውነቱ እጅግ የራቀ ነው።

ይህ ቤተሰብ ለምሳሌ ያህል በምናባችን የፈጠርነው ነው። ስሕተቱ ግን በብዙ ቤት ይደርሳል፤ ምንጩም ሁለት ነው። አንደኛው የሒሳብ፣ ሁለተኛው የፊዚክስ። ሁለቱንም በየተራ እንመልከታቸው።

ስሌቱ ከየት ይጀምራል?

ለጉምሩክ የመኪና ዋጋ ማለት ሻጩ የተቀበለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በዚያ ላይ የማጓጓዣውና የመድኑ ክፍያ ይደመራል። የሦስቱ ድምር የቀረጥ ማስከፈያ ዋጋ ይባላል። ከሩቅ አገር ተጭና በባሕር ጂቡቲ የደረሰች መኪና 10000 ዶላር ተገዝታ ለማጓጓዣና ለመድን 2000 ዶላር ወጥቶባት ከሆነ፣ የታክሱ ስሌት የሚጀምረው ከ12000 ዶላር ነው። ጉምሩክ በቀረበለት የግዢ ሰነድ ላይ ጥርጣሬ ካደረበት ተመሳሳይ መኪኖች የገቡበትን ዋጋ መሠረት አድርጎ ሊተምን ይችላል። ስለዚህ «በርካሽ ነው የገዛሁት» ማለት ብቻውን አያድንም።

ታክስ በታክስ ላይ

ብዙ ሰው የታክስ መቶኛዎችን ይደምራል። ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የኖረውን የቤት መኪና ስሌት እንውሰድ፦ የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ፣ የሞተር ይዘቱ ከ1300 ሲሲ በላይ እስከ 1800 ሲሲ ለሆነ አዲስ መኪና ኤክሳይዝ ታክስ 60 በመቶ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ ሱር ታክስ 10 በመቶ። ድምሩ 120 በመቶ ስለሚሆን 12000 ዶላር ወደ 26400 ያድጋል ብለን እንገምታለን።

ግምታችን ግን ትክክል አይደለም። እያንዳንዱ ታክስ የሚሰላው በመነሻው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ከእሱ በፊት የተሰሉት ሁሉ ተደምረውበት ነው። ቀረጡ 4200 ዶላር ሆኖ ሲጨመር 16200 ይሆናል። ኤክሳይዙ የ16200 ዶላር 60 በመቶ፣ ማለትም 9720 ሲሆን ድምሩ 25920 ይደርሳል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 29808፣ በዚያም ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 32788 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። ከገመትነው በ6388 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይበልጣል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ በገቢ ግብር የሚታሰብ 3 በመቶ ቅድመ ክፍያና የትራንዚተሩ ዋጋ አለ።

የሒሳብ ተማሪ ይህን በአንድ መስመር ይጽፈዋል፦ 1.35 × 1.60 × 1.15 × 1.10 = 2.73። ታክሶቹ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዱ ቁጥር ቢያድግ ጠቅላላው ውጤት በዚያው ልክ ይባዛል።

ዕድሜ ዋጋ ሲያስወጣ

ይህ የማባዛት ባሕርይ እጅግ ጎልቶ የታየው በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከሞተሩ ይዘት በተጨማሪ የመኪናውን ዕድሜ ወደ ስሌቱ አስገባ። ከዚያ በፊት መጠኑ እንደ ሲሲው 30፣ 60 ወይም 100 በመቶ ነበር። አዲሱ አዋጅ እስከ 1300 ሲሲ ለሆኑ አዳዲስ መኪኖች ወደ 5 በመቶ ሲያወርደው፣ ላረጁትና ሞተራቸው ትልቅ ለሆነው እስከ 500 በመቶ አደረሰው።

500 በመቶ ኤክሳይዝ ማለት በስሌታችን በ6 ማባዛት ነው። የቀረጥ ማስከፈያ ዋጋዋ 6000 ዶላር የሆነ አሮጌ መኪና ከላይ ባየነው ሰንሰለት ብታልፍ 61479 ዶላር ትደርሳለች፤ ከመነሻዋ ከ10 እጥፍ በላይ። ርካሽ የነበረችው መኪና ከሁሉ የተወደደች ሆነች።

ለመሆኑ ሕግ አውጪው አሮጌ መኪናን ለምን ጠላው? መልሱ ከጭስ ማውጫው ዘንድ ይገኛል። በዘመናዊ መኪና ጭስ ማውጫ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ወደማይጎዱ ጋዞች የሚለውጥ ማጣሪያ አለ። ፕላቲነምንና ፓላዲየምን የመሳሰሉ ብረቶች የተቀቡበት ይህ ክፍል በሙቀትና በቆሻሻ እየተጎዳ ሲሄድ ሥራውን ያቆማል። የሞተሩ ቀለበቶችም ሲያረጁ ዘይት አብሮ ይቃጠላል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በጠዋት የሚያፍነን ሰማያዊና ጥቁር ጭስ የዚህ ውጤት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተዘጋው በር

የመጀመሪያዋ መኪና ወደ አገራችን የገባችው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያመጣት ነበረች። ከዚያ ወዲህ 116 ዓመታት ያህል ከውጭ የገባ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል ከውጭ የሚመጣ ነዳጅ የሚጠይቅ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ግን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር አለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ እገዳ ከጣሉ አገሮች የመጀመሪያዋ ሆነች።

ለውሳኔው መንገዱ የተጠረገው ቀደም ብሎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡንም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ አድርጎ፣ ክፍሎቻቸው ተበታትነው አገር ውስጥ ለሚገጣጠሙት ጨርሶ አነሣው። ያ ረጅም ሰንሰለት ወደ አንድ ቁጥር አጠረ፦ 1.15።

እንግዲህ የቡሌው ቤተሰብ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «በምን ይሠራል?» መሆን አለበት። ወንድምየው ያገኛት የቤንዚን መኪና ከሆነች፣ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ነገሩ ማለቅ ነበረበት። መግባት የማትችል መኪና ወደብ ላይ በቆመች ቁጥር የመጋዘን ኪራይ ይቆጠርባታል።

የቡሌ ዳገት ፊዚክስ

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት እንሻገር። መኪና የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚመገበው ግን ዕድሜውን ሙሉ ነው። ለዚህ ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣው መንገድ ጥሩ ቤተ ሙከራ ይሆነናል።

ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ በ1570 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ከዚያ በቡናና በእንሰት መካከል እየተጠማዘዝን የቡሌ ደጋ ላይ እስክንደርስ 1200 ሜትር ወደ ላይ ወጣን እንበል። 1500 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ይህን ያህል ከፍታ ለመውጣት የምትፈልገው ጉልበት 1500 × 9.8 × 1200፣ ማለትም 17.6 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። በኤሌክትሪክ ቆጣሪ ቋንቋ 4.9 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ገደማ ጉልበት አለው። የቤንዚን ሞተር ከዚህ ውስጥ ሩቡን ወደ ጎማው ቢያደርስ የቀረው በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በኩል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ለከፍታው ብቻ 2.2 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከባትሪው የሚወስደውን 85 በመቶ ወደ ጎማው ቢያደርስ 5.8 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል።

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። በ2700 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 72 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ነዳጅ የሚቃጠለው በኦክስጅን ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ዳገቱ ሲበረታ ሞተሩ የሚደክመው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ይህ ችግር የለበትም።

ከሁሉ የሚደንቀው ቁልቁለቱ ነው። የቤንዚን መኪና ከቡሌ ወደ ዲላ ስትወርድ ያ ሁሉ ጉልበት በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ሞተሩ በተቃራኒው ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ከ4.9ኙ 60 በመቶ ያህሉ ቢመለስ እንኳ 2.9 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ያ ኤሌክትሪክም ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል የሚገኝ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ብቻ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቤንዚን ግን የሚገዛው ቡና ሸጠን በምናገኘው ዶላር ነው። የይርጋ ጨፌን ቡና ለሚያመርት ዞን ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ሥዕሉ ጥላም አለው

የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉን ችግር ይፈታል ማለት ግን አይደለም። በተራ የቤት ሶኬት 220 ቮልት በ10 አምፔር ብንወስድ የምናገኘው 2.2 ኪሎዋት ነው። 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ለመሙላት 18 ሰዓት ይፈልጋል። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ቦታ ይህ ከባድ ፈተና ነው። ፈጣን መሙያዎችም በአብዛኛው የሚገኙት አዲስ አበባ ነው።

ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ስትገዛ ደግሞ ዋናው ጥያቄ የተሠራችበት ዘመን ሳይሆን የባትሪዋ ጤንነት ነው። 40 ኪሎዋት ሰዓት የነበረው ባትሪ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ወርዶ ከሆነ የሚይዘው 32 ብቻ ነው። የመሙያ ሶኬቷም ይጠየቃል፤ የቻይናና የአውሮፓ ሥሪት መኪኖች ሶኬት ይለያያል። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ መሪው በግራ በኩል መሆኑም መረጋገጥ አለበት።

የምንዛሪው ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ታክሱም የሚሰላው በብር ስለሆነ ከዶላሩ ጋር አብሮ ይወጣል። የእኛዋ የ12000 ዶላር የኤሌክትሪክ መኪና በ57 ብር ከነቀረጡ 786600 ብር ነበረች፤ ዶላሩን 150 ብር ብንይዘው 2070000 ብር ትሆናለች። ተማሪው ወንድም በ10000 ዶላር ተነሥቶ ያገኘው ግን 1500000 ብር ነበር።

የመካከሉ ልዩነት ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ለቡሌው ቤተሰብ ይህ የበርካታ ዓመታት ላብ ነው፤ ወይም መኪናዋ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ስትቆም የሚሸጥ መሬት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ተማሪው እርሳሱን እንደገና ያንሣ። በምን እንደምትሠራ፣ ባትሪዋ ስንት እንደሚይዝ፣ ሶኬቷ የትኛው እንደሆነ ወንድሙን ይጠይቅ። የታክስ መጠኖች በመመሪያ ስለሚለወጡም የዕለቱን ከጉምሩክ ኮሚሽን ይረዳ። ከዚያም ሳይደምር ያባዛ። በክፍል ውስጥ የተማረው ሒሳብና ፊዚክስ ለቤቱ የሚጠቅምበት ቀን ይህ ነው።