ሐሩር ሳለ ጓዝ ስናነሳ

ቤት መቀየር ከባድ ሥራ ነው። ቆርቆሮ ይወርዳል። ምሰሶ ይነቀላል። እንስራው፣ ምጣዱ፣ አልጋው ይጫናል። ይህ ሁሉ በቆላ ሐሩር ሲሆን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

በገጠር ቤት የምንቀይረው በአብዛኛው በበጋ ነው። እህሉ ከገባ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይጀምር። መንገዱ ደረቅ ነው። ግን ሐሩሩም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። በመተማ፣ በሑመራና በጋምቤላ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀኖች አሉ።

አምና በሚያዝያ አንድ ጎረቤታችን ቤት ቀየረ። ከደጋ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነበር። ጓዙን በአንድ ቀን ልጨርስ አለ። «ካልጨረስኩ የአህያው ኪራይ ይጨምርብኛል» አለን። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ እንደተሸከመ ተንገዳገደ። የማይያያዝ ነገር ተናገረ። ከዚያ ወደቀ። አንዳንዶቻችን «ምች መታው» ብለን ዳማከሴ ፍለጋ ሮጥን። ሌሎቻችን እንዲያልበው ብለን ጋቢ ደረብንበት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደረሰች። «ኧረ ጋቢውን አንሡለት! በእሳት ላይ እሳት እየጨመራችሁበት ነው» አለችን። ወደ ጥላ ወሰድነው። ልብሱን አወለቅንለት። ውሃ እያፈሰስን አራገብንለት። እንዲሁ እያረጠብን ጤና ጣቢያ አደረስነው። ሰውየው ተረፈ። እኛም ተማርን።

ሐሩር ሰውን የሚጥለው እንዴት ነው?

እንስራን እንመልከት። እንስራ በውጭ በኩል ያልበዋል። ላቡ ሲደርቅ ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። የሰውም ገላ እንደዚሁ ነው። የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ሸክም ስንሸከም ከውስጥ እንሞቃለን። ፀሐይ ደግሞ ከውጭ ታሞቀናለች። ላባችን ያቀዘቅዘናል። ውሃው ካለቀ ግን ላብ ከየት ይመጣል? የገላ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስ አእምሮ ይታወካል። ሰው ሊሞት ይችላል።

ምን እናድርግ?

1. ጓዙን በአንድ ቀን አንጨርስ። ለሁለት ለሦስት ቀን እንከፋፍለው። ደቦ እንጥራ።

2. ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንጀምር። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ እናቁም። እስከ 10 ሰዓት በጥላ እንረፍ። ከዚያ እስኪመሽ እንሥራ።

3. የውሃው ጀሪካን በመጨረሻ ይጫን፤ በመጀመሪያ ይውረድ። ውሃው ንጹሕ ይሁን። ጥም እስኪይዘን አንጠብቅ። በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ እንጠጣ። ሽንታችን ከጠቆረ ውሃ አንሶናል ማለት ነው። ለደቦው የተጠመቀው ጠላ ከሥራ በኋላ ይቅረብ። አረቄ ግን ይቅር።

4. ሰፋ ያለ ነጭ የጥጥ ልብስ እንልበስ። ባርኔጣ እናድርግ፤ ወይም ነጠላ እንከናነብ።

5. ሕፃናትና ሽማግሌዎች በማለዳ ይሂዱ። ልጅ ከሸራ ሥር ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ አይቀመጥ። የሚጠባ ሕፃን ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ስድስት ወር ያልሞላው ከጡት በቀር ውሃ አያስፈልገውም። እናቱ ግን በብዛት ትጠጣ።

6. አዲሱ ቤት ቆርቆሮ ከሆነ ተዘግቶ ሲውል እንደ ምድጃ ይግላል። በሩንና መስኮቱን እንክፈት። እስኪነፍስ ድረስ ልጆችን አናስገባ።

7. አህያም ይደክማል። ጭነቱን እናቅልለት። ውሃ እናጠጣው። በእኩለ ቀን ጭነቱን እናውርድለት።

8. ከደጋ የመጣ ሰው ቆላን እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። እስከዚያው ቀላል ሥራ ይሥራ።

ምልክቱን እንወቅ

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መኮማተር የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ያን ጊዜ ሥራውን እንተው። በጥላ ተቀምጠን ቀስ እያልን እንጠጣ። ብዙ ላብ ለወጣው ሰው ይህ ይጠቅመዋል፤ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ልክ ይሁን፤ አይከመር።

ሰውየው ከቀባዠረ፣ ከተንገዳገደ፣ ከወደቀ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን አደጋው ከባድ ነው። እያላበውም ቢሆን አንዘናጋ። ልብሱን እናውልቅ። መላ ገላውን እናርጥብ፤ እናራግብ። አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ እናድርግ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አንስጥ፤ ያንቀዋል። እያረጠብን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

አንድ ነገር እንጨምር። ቆላ ከገባን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ከያዘን ወባ ሊሆን ይችላል። «የሐሩር ነው» ብለን አንቀመጥ። ደማችንን እንመርመር። አጎበሩንም ጓዝ ሥር አንቅበረው፤ በመጀመሪያው ሌሊት እንዘርጋው።

ያ ጎረቤታችን ዘንድሮ በሌላ ሰው ደቦ ላይ ነበር። ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ሸክሙን መጀመሪያ ያወረደው እሱ ነው። «ጓዙ ለነገም ይደርሳል፤ እኔ ግን አንድ ነኝ» አለ። ሁላችንም አወረድን።

ይህን ያነበበ፣ ላላነበበ ጎረቤቱ ያንብብለት።