ያውቁ ኖሯል? በላም ስም የተጠሩት የሐመር ሽማግሌ

በደቡብ ኦሞ ስለሚኖረው የሐመር ሕዝብ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ታዋቂ መጻሕፍት የአንዱ ርእስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንደሆነ፣ የዓረፍተ ነገሩም ባለቤት ከላም የተገኘ ስም እንደሆነ ያውቁ ኖሯል?

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ባልዳምቤ ያስረዳሉ» ይሆናል። ባልዳምቤ የሐመሩ ሽማግሌ የባላምባራስ አይኬ ቤሪናስ መጠሪያ ሲሆን ትርጉሙ «የቡናማዋ ላም አባት» ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ባልና ሚስት ኢቮ ስትሬከርና ጂን ላይዳል የሽማግሌውን ትረካ በቴፕ ቀድተው ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። በርእሱ ላይ ግን ስሙን አልተረጎሙትም፤ እንደ ማንኛውም የሰው ስም ብቻውን ይገባል።

• በዚያው በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት ሙርሲዎች ደግሞ ቀለማትን የሚጠሩት የከብት ቆዳ ቀለምና ዝንጉርጉርነት በሚገለጽባቸው ቃላት ነው። ሣርም ሆነ ሰማይ ቀለሙ የሚነገረው በእነዚሁ ቃላት ነው።

• በከብት መጠራት ለመሃል አገር ሰውም እንግዳ አይደለም፤ የፈረስ ስም ነበረና። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኛው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር።

• ስለ አካባቢው ሕዝቦች ባህል የበለጠ ለማወቅ ከፈለጉ፣ የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ጂንካ ከተማን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ይገኛል።