ከደመወዝ የተቆረጠ ሬዲዮ

ስለ ቦሊቪያ የማዕድን ሠራተኞች ሬዲዮ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከተኩሱ ይጀምራል። ወታደር መጣ፣ ማሰራጫው ተሰባበረ፣ ጋዜጠኛው ግን ማይክሮፎኑን አለቅም አለ። ሐሰት አይደለም፤ ተኩሱም ቆይቶ ይመጣል። እኔ ግን እነዚህን ጣቢያዎች የወደድኳቸው በማስታወቂያ ሰዓታቸው ነው። መታወቂያው የጠፋበት ሰው አለ፣ ያገኘ ይመልስ። እናትዬው ነገ በጭነት መኪና ትደርሳለች፣ ልጆቿ ወጥተው ይጠብቋት። የእሁዱ ኳስ ጨዋታ ሰዓቱ ተቀይሯል። ለልደቷ ይህ ዘፈን ይድረሳት ብሎ ባሏ ጋብዟታል። እንዲህ ያለውን ወሬ የማያወራ ሬዲዮ፣ ወታደር የመጣ ዕለት የሚደርስለት ሰው አያገኝም።

መነሻውን ባጭሩ ልጨርሰው። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የቦሊቪያ የቆርቆሮ ማዕድን በብዛት ያለው በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ በኦሩሮና በፖቶሲ ክፍላተ ሀገር ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ብዙው መንደር ከ3,500 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። እስከ 1952 ድረስ ሀብቱ በአብዛኛው በሦስቱ የቆርቆሮ ባለጠጎች፣ በፓቲኞ፣ በሆችሺልድና በአራማዮ እጅ ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ አብዮት ፈነዳ፤ በጥቅምት ማዕድኖቹ ተወርሰው ኮሚቦል ለተባለው የመንግሥት ድርጅት ተሰጡ። የመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ሬዲዮዎች በ1940ዎቹ መጨረሻ ብቅ አሉ፤ ከአብዮቱ በኋላ ተባዝተው በደጉ ዘመናቸው ከ20 በላይ ደረሱ። የማዕድኑ ሠፈር ሁሉ የራሱ ነበረው፦ በሲግሎ ቬንቴ «የማዕድን ሠራተኛው ድምፅ»፣ በኮልኪሪ «ቫንጋርዲያ»፣ በሁዋኑኒ «ናሲዮናል»፣ በካታቪ ደግሞ «ታኅሣሥ 21»። ይህ የመጨረሻው ስሙን ያገኘው በዚያ ቀን በ1942 አድማ ላይ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ከተተኮሰው ጥይት ነው። ጣቢያዎቹ በስፓኝ ብቻ ሳይሆን በኬቹዋና በአይማራም ይናገሩ ነበር። የጉድጓዱ ሰው እቤቱ የሚያወራው በእነዚህ ቋንቋዎች ነውና ይህ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ሊያስደንቅ የሚገባው የዋና ከተማው ሬዲዮ ያንን ያህል ዘመን ችላ ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እነዚህን ጣቢያዎች «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ» ብሎ የሚጠራ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። አንድ ጊዜ ስለ ማኅበረሰብ ሬዲዮ በተሰጠ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ይህችኑ ሐረግ ሰሌዳው ላይ ጻፈና ቦሊቪያን በምሳሌነት ጠቀሰ። ከዚያ ቀጥሎ ያወራው ስለ ለጋሽ ድርጅት፣ ስለ ፕሮጀክት ማመልከቻና ስለ ሦስት ዓመት በጀት ነበር። በዕረፍት ሰዓት ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ ሰዎቹ እኮ ድምፅ ነበራቸው» አልኩት። ፈገግ ብሎ ቡናውን ጠጣ። የቦሊቪያ ማዕድን ሠራተኞች ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1944 ነው፤ ሲያደሙ የአገሪቱን የውጭ ምንዛሪ ጉሮሮ ይይዙ ነበር፤ በአብዮቱ ጊዜ ድማሚት ይዘው ከጦር ሠራዊት ጋር ተዋግተዋል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ድምፅ ይሰጠኝ ብሎ እጁን አይዘረጋም። የፈለገው ማሰራጫ ነበር፤ ገዛው።

በምን ገዛው? በደመወዙ። በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰንና ከያንዳንዱ ሠራተኛ ክፍያ ላይ ለሬዲዮው ይቆረጣል። ጠቅላላው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፣ ሰዎች ግን እንደ ሒሳብ ሹም ጉዳይ አይተው ያልፉታል። ሳንባው በድንጋይ አቧራ እየተበላ፣ ከኩባንያው ሱቅ በዱቤ እየበላ፣ ከዚያች ላይ ለሬዲዮ የሚከፍል ሰው ሬዲዮውን እንደ ዕቃው ያየዋል። ፕሮግራሙ ካላማረው «ገንዘቤ ነው» ይላል። ዜና አንባቢው ከዚያው ከተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ የሚኖር፣ ብዙ ጊዜም የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ጠዋት የተሳሳተ ነገር ካነበበ ከሰዓት በኋላ በወረፋ መሃል ይጠየቃል። ስለ አድማጭ ጥናት የሚጨነቁ ጣቢያዎች ይህን ወረፋ ቢያውቁት ደግ ነበር።

ስቱዲዮው አብዛኛውን ጊዜ በሠራተኛ ማኅበሩ ሕንፃ ውስጥ ወይም አጠገቡ ነው። ጉባኤ ሲኖር ክርክሩ በቀጥታ ይተላለፋል፤ በፈረቃ ምክንያት መምጣት ያልቻለው፣ ልጅ ታቅፋ እቤት የቀረችው፣ ሁሉም ይሰማል። የማኅበር መሪ በአዳራሽ አንድ፣ ከኩባንያው ጋር ሲደራደር ሌላ እንዳይናገር የሚያደርግ ከዚህ የተሻለ መላ አላውቅም። ሴቶቹም ማይክሮፎኑን ያዙት። በ1961 የተቋቋመው የሲግሎ ቬንቴ የቤት እመቤቶች ኮሚቴ የዱቄትና የሥጋ ዋጋን፣ የታሰሩ ባሎችን ጉዳይ በሬዲዮ ያሰማ ነበር፤ ከኮሚቴው መሪዎች አንዷን፣ ዶሚቲላ ባሪዮስ ዴ ቹንጋራን፣ ዓለም ሳያውቃት ሠፈሩ ያወቃት ከዚያ ነው።

መላእክት ነበሩ ማለቴ አይደለም። የኮሚኒስቱ፣ የትሮትስኪስቱና የመንግሥቱ ፓርቲ ሰዎች በማይክሮፎኑ ይሻኮቱ ነበር፤ የማኅበሩ አመራር ሲቀየር የዜናው ቃና አብሮ የሚቀየርበት ጊዜም ነበር። ግራ ዘመም ነን ከሚሉት አንዳንዶቹ ደግሞ ኳሱንና ዘፈኑን ቀንሰው መፈክር ማብዛት ይወዱ ነበር። በእኔ አስተያየት ሬዲዮ የሚደርቀው እንደዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል የምወዳት ታሪክ የራዲዮ ፒዮ ዶሴ ናት። ይህን ጣቢያ በ1959 በሲግሎ ቬንቴ ያቋቋሙት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ናቸው፤ ዓላማቸው ኮሚኒዝምንና ስካርን መዋጋት ነበር። ከሠራተኛ ማኅበሩ ሬዲዮ ጋር በአየር ላይ ተሰዳደቡ። ቄሶቹ ግን እዚያው ኖሩ፤ በሳንባ በሽታ የሞቱትን ቀበሩ፣ የሠራተኛውን ጓዳ አዩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ጣቢያቸው ከሠራተኛው ጎን ቆሞ ተገኘ፤ ወታደሮችም ከቀሩት ጋር አብረው ይሰብሩት ጀመር። የክርክር ብዛት ያላመጣውን ለውጥ ጉርብትና አመጣው።

ስለ ወታደሮቹ እንግዲህ። ሰኔ 24 ቀን 1967 የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ነበር። ዋዜማው ማታ እንደ ደመራችን እሳት ይለኮሳል፣ ይጠጣል፣ ይጨፈራል። በማግስቱ የማዕድን ሠራተኞች ስብሰባ ሊደረግ ታቅዶ ነበር፤ ቼ ጉቬራ በደቡብ ምሥራቅ ጫካ ስለነበረ የጄኔራል ባሪዬንቶስ መንግሥት ስብሰባውን ፈርቶታል። ንጋት ላይ፣ እሳቱ ገና ሳይጠፋ፣ ጦሩ ሲግሎ ቬንቴ ገብቶ በቤቶቹ ላይ ተኮሰ። የማኅበሩ መሪ ሮሴንዶ ጋርሲያ ማይስማን በማኅበሩ ሕንፃ ተከላክሎ ሞተ። ፊልም ሠሪው ሆርሄ ሳንሂኔስ በ1971 በሠራው «የሕዝብ ወኔ» በተባለው ፊልም ላይ ከእልቂቱ የተረፉት ራሳቸው ሆነው ይታያሉ።

በጥር 1975 ሌላ ወረራ መጣ። ጄኔራል ባንዘር ከሁለት ወር በፊት ማኅበራትን አግዶ ነበር። ጦሩ የሲግሎ ቬንቴንና የአካባቢውን ጣቢያዎች በሌሊት ወረረ፣ ዕቃውን ሰባበረ፣ ጫነ። የሠራተኛው መልስ የሥራ ማቆም አድማ ነበር። ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። ጥያቄው ደመወዝ ይጨመር አልነበረም፤ ሬዲዮዎቻችን ይመለሱ ነው። በአምባገነን ዘመን፣ ማኅበር በታገደበት፣ የዕለት ክፍያውን ለማሰራጫ ሲል የሚያጣ ሠራተኛ የት ሌላ እንደነበረ የሚነግረኝ ካለ እሰማለሁ። ለዚያች ለጠፋችው መታወቂያና ለዚያች ለምትመጣው እናት ማስታወቂያ የተከፈለው ሁሉ ያን ዕለት ተመልሶ መጣ።

መፈንቅለ መንግሥት የሚያደርግ መኮንን ማለዳ የሚሮጠው ወደ ሬዲዮ ጣቢያ መሆኑን እኛም እናውቃለን፤ በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1953 የአልጋ ወራሹ መግለጫ የተሰማው በሬዲዮ ነው። አንድ ጣቢያ ባለበት አገር አንዱን መያዝ ይበቃል። ሐምሌ 17 ቀን 1980 ጄኔራል ጋርሲያ ሜሳ ሥልጣን ሲይዝ የላ ፓስ ጣቢያዎች ዝም አሉ ወይም የጦሩን መግለጫ እንዲያስተላልፉ ተገደዱ። ተራራ ላይ ግን የማዕድኖቹ ሬዲዮዎች እርስ በርስ ተያይዘው «የዴሞክራሲ ሰንሰለት» ብለው ቀጠሉ። አንዱ የሌላውን ይቀበላል፤ አንዱ ሲወድቅ ቀጣዩ ያወራል። ከራዲዮ አኒማስ የተቀዳ ድምፅ ቀርቷል፤ ተናጋሪው የሚያሰማው መፈክር አይደለም። ጦሩ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው፣ ስንት ሰው ተይዞ ወደየት እንደተወሰደ ይናገራል። ሠላሳ ዓመት የመኪና መድረሻ ሰዓት ሲነገርበት የኖረ ሬዲዮ ወሬን በልኩ መናገር ለምዷል። አልፎንሶ ጉሙሲዮ ዳግሮን ከኤድዋርዶ ባሪዮስ ጋር በሠራው ዘጋቢ ፊልም ይህን ጊዜ ያሳያል። ፊልሙን የምታሳዩ ሰዎች፣ እባካችሁ ወደ ተኩሱ አትዝለሉ።

ጣቢያዎቹን የጨረሳቸው ግን ወታደር አይደለም። ነሐሴ 29 ቀን 1985 የወጣው አዋጅ 21060 የመንግሥት ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን እንዲያሰናብቱ በር ከፈተ፤ በጥቅምት የቆርቆሮ ዋጋ በዓለም ገበያ ተንኮታኮተ። ከ20,000 በላይ የኮሚቦል ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ ቤታቸውን ጭነው ወደ ኤል አልቶና ወደ ኮካ አምራቹ ቻፓሬ ወረዱ። ደመወዝ ሲቀር ከደመወዝ የሚቆረጠውም ቀረ፤ ማሰራጫዎቹ ተራ በተራ ጠፉ። የጉልበታቸው ምንጭ የሞታቸውም ምክንያት ሆነ፤ ይህን የለጋሾች ወዳጅ የሆነ ሰው ቢያነሳብኝ የምመልስለት የለኝም። የሁዋኑኒው ናሲዮናል አለ፤ ማዕድኑ ዛሬም ይሠራል። ሲግሎ ቬንቴ ላይ እስከ ዛሬ አየር ላይ ያለው ደግሞ ከሠራተኛው ደመወዝ ያልተቆረጠለት ብቸኛው ጣቢያ፣ የቄሶቹ ፒዮ ዶሴ ነው።