ዋይልድካርድ በዲኤንኤስ፦ ለሌለ ስም የሚሰጥ መልስ

ዋይልድካርድ በዲኤንኤስ ዞን ውስጥ የሚጻፍ፣ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል የኮከብ ምልክት ብቻ የሆነ መዝገብ ነው። የምሳሌ.ኮም ባለቤት በዞን ፋይሉ ውስጥ *.ምሳሌ.ኮም ብሎ 192.0.2.10 የሚል አድራሻ ቢሰጠው፣ ሱቅ.ምሳሌ.ኮምን የጠየቀም ዜና.ምሳሌ.ኮምን የጠየቀም ያንኑ አድራሻ ያገኛል፤ ሁለቱም ስሞች ግን በፋይሉ ውስጥ የትም አልተጻፉም። ሰርቨሩ ጥያቄው ሲደርሰው የኮከቡን መዝገብ ወስዶ በኮከቡ ፈንታ የተጠየቀውን ስም ያስገባበትና እንደማንኛውም መዝገብ አድርጎ ይልከዋል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ንዑስ ዶሜይን የሚሰጥ የድረ ገጽ አገልግሎት በዚህ ብዙ ይጠቀማል፦ አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ዞኑን መንካት አያስፈልገውም።

ዲኤንኤስ የተባለውን የስም ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈው ፖል ሞካፔትሪስ ነው። እስከ ዛሬ መሠረት ሆነው የሚያገለግሉት አርኤፍሲ 1034 እና 1035 የተባሉት ሰነዶች የወጡት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ ዋይልድካርድም በመጀመሪያው ውስጥ ተገልጿል። በዚያን ጊዜ ዋናው ጥቅሙ ኢሜይል ነበር። ኢንተርኔት ውስጥ በቀጥታ ያልገቡ ሌሎች የመልእክት መረቦች ነበሩ፤ ለእነሱ የሚላከው ሁሉ መተላለፊያ በሆነ አንድ ኮምፒውተር በኩል እንዲያልፍ ኢሜይል ተቀባዩን ሰርቨር የሚጠቁም አንድ የኤምኤክስ ዋይልድካርድ ይበቃ ነበር። የሰነዱ አገላለጽ ግን ለተለያየ አተረጓጎም ክፍት ስለነበር ነገሩ ተጣርቶ የተጻፈው ከ19 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2006 በወጣው አርኤፍሲ 4592 ነው። ዋይልድካርድ ያለበትን ዞን የሚያስተዳድር ሰው አንድ ሰነድ ብቻ የማንበብ ጊዜ ቢኖረው ይህንን ቢያነብ ይሻለዋል።

ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ዋይልድካርድ መልስ የሚሰጠው በዞኑ ውስጥ ለሌለ ስም ብቻ ነው። ብዙ ሰው ኮከቡን ሁሉንም ስም የሚይዝ መረብ አድርጎ ያስበዋል፤ ሰርቨሩ ግን ፍለጋውን ከኮከቡ አይጀምርም። አስቀድሞ የተጠየቀውን ስም ራሱን ይፈልጋል። ካገኘው እዚያው ያበቃል፤ ኮከቡን ዞር ብሎም አያየውም። ካጣው ከተጠየቀው ስም በላይ ካሉት መካከል በዞኑ ውስጥ በእርግጥ ያለውን፣ ለተጠየቀውም በጣም የቀረበውን ስም ያገኛል። ከዚያ ስም በቀጥታ ሥር ኮከብ ካለ መልሱን ከእሱ ይሠራል፤ ከሌለ ስሙ እንደሌለ ይናገራል። ከዚያ አልፎ ወደ ላይ ያለ ሌላ ኮከብ ፍለጋ አይሄድም።

እንግዲህ ችግሩ ሁሉ የሚሰበሰበው አንድ ስም መቼ «አለ» እንደሚባል ላይ ነው። ስም አለ የሚባለው የተጠየቀው ዓይነት መዝገብ ስላለው አይደለም፤ ማናቸውም ዓይነት መዝገብ ካለው አለ። ፖስታ.ምሳሌ.ኮም የኤምኤክስ መዝገብ ብቻ ተጽፎለት ከሆነ፣ የአይፒ አድራሻውን ለሚጠይቅ ሰው ዋይልድካርዱ አይደርስለትም። መልሱ «ስሙ አለ፣ የተጠየቀው ዓይነት ግን የለውም» የሚል ባዶ መልስ ይሆናል። የአይፒቪ6 አድራሻ በኮከቡ ላይ የጨመረ አስተዳዳሪም ለብቻቸው የተጻፉት ስሞች አብረው የተሻሻሉ ይመስለዋል። አልተሻሻሉም፤ ለእያንዳንዳቸው አዲሱን አድራሻ በእጅ መጻፍ አለበት።

ከዚህ የሚረቅ ሌላም ሁኔታ አለ፤ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ጭምር የሚያደናግረው እሱ ነው። አንድ ስም የራሱ መዝገብ ባይኖረውም ከሥሩ ሌላ ስም ካለ እንዳለ ይቆጠራል። ሱቅ.ምሳሌ.ኮም እስካሁን በዋይልድካርዱ ይሠራ ነበር እንበል። ባለቤቱ ከሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት ለማግኘት ሲጠይቅ፣ ዶሜይኑ የእሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ የቴክስት መዝገብ _አክሚ-ቻሌንጅ.ሱቅ.ምሳሌ.ኮም በሚል ስም ዞኑ ውስጥ ይገባል። ይህ መዝገብ በገባባት ቅጽበት ሱቅ.ምሳሌ.ኮም ራሱ «ያለ» ስም ሆነ። ኮከቡ ከእንግዲህ አይሸፍነውም፤ የራሱ አድራሻም ስላልተጻፈለት ሱቁ ከኢንተርኔት ይጠፋል። ማረጋገጫው አልቆ መዝገቡ ሲሰረዝ ሱቁ ተመልሶ ይመጣል፤ ሰርተፊኬቱ ሲታደስ ደግሞ እንደገና ይጠፋል። ለጥቂት ደቂቃ እየታየ የሚሰወር፣ ሊመረምሩት ሲቀመጡ የማይገኝ እንዲህ ያለ ብልሽት የብዙ ሰው ሌሊት ይበላል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ ከሥሩ ሌላ መዝገብ ሊገባበት የሚችል ስም ሁሉ አስቀድሞ የራሱ የአድራሻ መዝገብ ይጻፍለት።

በጥልቀት በኩል ዋይልድካርድ ከሚታሰበው በላይ ይደርሳል። ለ.ምሳሌ.ኮም በዞኑ ውስጥ ከሌለ ሀ.ለ.ምሳሌ.ኮም ተብሎ ቢጠየቅም *.ምሳሌ.ኮም ይመልሳል፤ ከፊቱ ሦስትና አራት ክፍል ቢደረደርም እንደዚያው። የዋይልድካርድ ሰርተፊኬት ግን የሚሸፍነው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ሀ.ለ.ምሳሌ.ኮም አድራሻ ያገኛል፤ አሳሹ ግን ሰርተፊኬቱ ከስሙ ጋር አይገጥምም ብሎ ያስጠነቅቃል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስህተት ነው። ኮከቡ ከሥሩ የተንጠለጠለበትን ምሳሌ.ኮምን ራሱንም አይሸፍንም፤ እሱ የራሱን መዝገብ ይፈልጋል። ቅርንጫፍ.ምሳሌ.ኮም ለሌላ ሰርቨር በኤንኤስ መዝገብ ተላልፎ ከተሰጠም ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የዚያ ሰርቨር ኃላፊነት ነው፤ የላይኛው ዞን ኮከብ ድንበሩን አይሻገርም።

ባይንድ በተባለው የዲኤንኤስ ሰርቨር ላይ ማዋቀሩ አንድ መስመር ነው። በዞን ፋይሉ ውስጥ ኮከቡን፣ የመዝገቡን ዓይነትና አድራሻውን መጻፍ ይበቃል፤ የዶሜይኑን ስም ሰርቨሩ ራሱ ይጨምርበታል። ስሙን በሙሉ የሚጽፍ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ነጥብ ማኖር አለበት። ነጥቡን ከረሳ ሰርቨሩ ዶሜይኑን ደግሞ ይቀጥልበትና *.ምሳሌ.ኮም.ምሳሌ.ኮም የሚል ማንም የማይጠይቀው መዝገብ ይፈጠራል፤ ስህተት ነው የሚል መልእክትም አይመጣም። ኮከቡ በግራ ጫፍ ለብቻው መቆም አለበት። «ሱቅ*» ተብሎ ቢጻፍ ወይም በስሙ መካከል ቢገባ ተራ ፊደል ከመሆን አያልፍም። ከዚያ በዞኑ ራስ ላይ ባለው የኤስኦኤ መዝገብ ውስጥ ተከታታይ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ቅጂውን የሚይዙት ሁለተኛ ሰርቨሮች ለውጡን አይወስዱም። ፋይሉ በኔምድ-ቼክዞን ተፈትሾ ዞኑ እንደገና ሲጫን ሥራው ያልቃል።

ሲኔም የተባለውን የመዝገብ ዓይነት ከኮከብ ጋር ማጣመር ይቻላል፤ ሆኖም ያኔ በዚያው ኮከብ ላይ ሌላ ዓይነት መዝገብ መጨመር አይቻልም፣ የኢሜይልና የማረጋገጫ ስሞች ሳይቀሩም ወደ ሲኔሙ ዒላማ ይጠቆማሉ። የኤንኤስ መዝገብን በኮከብ ላይ መጻፍ ጭራሽ አይመከርም። በየቢሮው ትንንሽ መረብ ላይ የሚሠራው ዲኤንኤስማስክም የራሱ መንገድ አለው፦ ለአንድ ዶሜይን የሚሰጠው የአድራሻ ትእዛዝ ዶሜይኑን ራሱንና ከሥሩ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ይይዛል። ከባይንድ ወደ እሱ ወይም ከእሱ ወደ ባይንድ የተሻገረ ሰው ይህን ልዩነት ካላወቀ ይሳሳታል።

ዋይልድካርዱ አልሠራም ሲባል ምርመራው መጀመር ያለበት ከዞኑ ባለቤት ሰርቨር ነው። ዲግ የተባለው መሣሪያ ጥያቄውን በቀጥታ ወደዚያ ሰርቨር መላክ ይችላል፤ በመካከል ያሉ ካሾች ያኔ ከጨዋታው ይወጣሉ። የሚጠየቀው ስም ማንም ሊጽፈው የማይችል የዘፈቀደ የፊደል ድርድር ቢሆን ይመረጣል። አንዳንዶች *.ምሳሌ.ኮምን ራሱን ይጠይቃሉ፤ ይህ መዝገቡ መኖሩን ብቻ ያሳያል እንጂ ሌሎች ስሞች ከእሱ መልስ እንደሚያገኙ አያረጋግጥም። የትእዛዝ መስመሩም ኮከቡን በፋይል ስሞች ሊተካው ስለሚችል በጥቅስ ምልክት ውስጥ መግባት አለበት።

ከዚያ የመልሱን ሁኔታ ማንበብ ነው፤ እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። ኤንኤክስዶሜይን ከተባለ ስሙም የለም፣ የሚሸፍነው ኮከብም የለም፤ መዝገቡ አልተጫነም፣ ነጥብ ተረስቷል ወይም ከተጠየቀው ስም በላይ ያለ ሌላ ስም ፍለጋውን አግዶታል ማለት ነው። ኖኤረር ተብሎ መልሱ ባዶ ከሆነ ግን ስሙ በዞኑ ውስጥ አለ፣ ወይም ኮከቡ ራሱ የተጠየቀው ዓይነት መዝገብ የለውም። ያኔ ዞኑን ከፍቶ በዚያ ስም የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ስም የሚያልቁትን ሁሉ መፈለግ ይገባል። ከላይ የተነገረው የሱቁ ታሪክ የሚገኘው እንዲህ ሲፈለግ ነው።

የባለቤቱ ሰርቨር በትክክል እየመለሰ ተጠቃሚው ካላየው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ካሽ ነው። ለተጠቃሚው መልስ የሚፈልጉት ሪዞልቨሮች «የለም» የሚለውንም መልስ ያስቀምጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው አርኤፍሲ 2308 እንደደነገገው የቆይታው ጊዜ የሚወሰነው በኤስኦኤ መዝገቡ የመጨረሻ ቁጥርና በመዝገቡ በራሱ የመቆያ ጊዜ (ቲቲኤል) ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው ይሠራል። ዋይልድካርዱ ከመጻፉ በፊት ስሙን የሞከረ ሰው ያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ አሮጌውን መልስ ያያል።

ተቃራኒው ብልሽት፣ ማለትም መመለስ የሌለበት ስም ሲመልስ፣ የባሰ ነው። ኮምፒውተሮች ያልተሟላ ስም ሲሰጣቸው ከስሙ መጨረሻ ጋር የሚቀጥሉት የዶሜይን ዝርዝር አላቸው። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ዶሜይን ዋይልድካርድ ካለው፣ የሌላ ድርጅት የተሳሳተ ስም እንኳ በዚህ ዶሜይን ተራዝሞ መልስ ያገኛል፤ ፕሮግራሙም ወደማያውቀው ሰርቨር ይሄዳል። ኩበርኔቲስ በተባለው የኮንቴይነር ማስተዳደሪያ ውስጥ ይህ ይከፋል። እዚያ በመደበኛው አቀማመጥ ከአምስት ያነሱ ነጥቦች ያሉት ስም አስቀድሞ ከዝርዝሩ ጋር እየተቀጠለ ስለሚሞከር ትክክለኛ የውጭ ስሞች ሳይቀሩ በዋይልድካርዱ አድራሻ ይጠለፋሉ። ፍንጩ የውጭው አገልግሎት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አድራሻ መዞሩ ነው፤ ስሙን በመጨረሻ ነጥብ ዘግቶ መሞከር ጥርጣሬውን ያረጋግጣል።

የ«የለም» መልስ መጥፋት ምን ያህል እንደሚጎዳ ዓለም በአንድ ጊዜ ያየው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2003 ነበር። የኮምና የኔት አስተዳዳሪ የሆነው ቬሪሳይን በሁለቱ ላይ ዋይልድካርድ አኖረ፤ ያልተመዘገበ ስም የጻፈ ሁሉ ሳይት ፋይንደር ወደተባለው የኩባንያው ገጽ ተወሰደ። የላኪው ዶሜይን መኖሩን የሚፈትሹ የአይፈለጌ ኢሜይል ማጣሪያዎች ፍተሻቸው ከንቱ ሆነ፣ አድራሻው የተሳሳተ ኢሜይልም ወደ ኩባንያው ሰርቨር ማምራት ጀመረ። የባይንድ አዘጋጆች በቀናት ውስጥ መልሱን ውድቅ የሚያደርግ ማሻሻያ አወጡ፤ አገልግሎቱም የኢንተርኔት ስሞችን በሚያስተባብረው ድርጅት በአይካን ግፊት ኦክቶበር 4 ቀን ቆመ። ያው መሣሪያ ለበጎ የዋለበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አዳዲስ የላይኛ ደረጃ ዶሜይኖች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ለ90 ቀን በዋይልድካርድ 127.0.53.53 የሚል አድራሻ እንዲመልሱ ተደረገ፤ ያንኑ ስም በውስጥ መረባቸው ይጠቀሙ የነበሩ ድርጅቶች ግጭቱን በመዝገባቸው ላይ አይተው እንዲያስተካክሉ ነው።

መዝገቦችን በዲጂታል ፊርማ የሚያረጋግጠው ዲኤንኤስሴክ ባለበት ዞን ሰርቨሩ ተጨማሪ ሸክም አለበት። ፊርማው የተሠራው በኮከቡ መዝገብ ላይ ስለሆነ፣ የተጠየቀው ስም በእርግጥ እንደሌለ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ አብሮ መላክ አለበት። በፊርማው ውስጥ ያለው የክፍሎች ቁጥር ከተጠየቀው ስም ክፍሎች ካነሰ መልሱ ከዋይልድካርድ እንደተሠራ ይታወቃል፤ ለመርማሪ ይህ ጥሩ ምልክት ነው።

ከደህንነት አንጻር አሳሳቢው ወደ ሌላ ድርጅት የሚያመለክት ኮከብ ነው። በዚያ አገልግሎት ላይ አካውንት የከፈተ ማንም ሰው ያልተያዘ ንዑስ ዶሜይን በራሱ ስም ሊያስመዘግብና በባለቤቱ ዶሜይን ሥር ገጽ ሊከፍት ይችላል፤ ጊትሀብ ለገጽ አገልግሎቱ ተጠቃሚዎች ዋይልድካርድ እንዳይጠቀሙ የሚመክረው ለዚህ ነው። የሚያስፈልጉት ስሞች ጥቂትና የታወቁ ከሆኑ ኮከቡን አንስቶ እያንዳንዱን መጻፍ ይሻላል። ከማንሳቱ በፊት የሰርቨሩን የጥያቄ መዝገብ ለተወሰኑ ሳምንታት ከፍቶ በኮከቡ ላይ ተደግፈው የሚኖሩትን ስሞች መልቀም፣ እነሱን በዞኑ ውስጥ መጻፍ፣ የኮከቡንም ቲቲኤል አስቀድሞ ማሳጠር ያስፈልጋል።