ካርድ አስይዞ ቶክን ማግኘት፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

እህቴ፣ እሁድ እሁድ ስልካቸውን ይዘው ስለ ገንዘብ የሚጠይቁኝ እህቶች ሰሞኑን አንድ ነገር ይደጋግማሉ፤ «የጨዋታ ካርድ ገዝተሽ ብታስይዢ ሳትጫወቺ በየቀኑ ይከፈልሻል ተባልኩ፣ እውነት ነው?» ይሉኛል። ሁሉም ውሸት አይደለም፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው።

ስፕሊንተርላንድስ የሚባለውን ጨዋታ ላስረዳሽ። በፈረንጆች 2018 የተጀመረ የካርድ ውጊያ ነው። ካርዱ በእጅ አይያዝም፤ ብሎክቼይን በሚባል፣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በሚቀመጥ መዝገብ ውስጥ በከፈትሽው አካውንት የሚመዘገብ ሥዕል ነው። መሸጥም ማከራየትም ይቻላል። ጨዋታው ኤስፒኤስ የሚባል የራሱ ቶክን አለው። በ2021 ማደል ሲጀምር ብዙ ካርድ ያለው ሰው በየቀኑ ብዙ ቶክን ይደርሰው ነበር። ኋላም ካርዶቹን በጨዋታው «መሬት» ላይ አሰማርቶ ምርት መሰብሰብ መጣ። ቶክኑን ራሱንም አስይዞ ሌላ ቶክን ማግኘት ይቻላል።

ማስያዝ ማለት መቆለፍ ነው። ያስያዝሽውን እስክታስለቅቂ ድረስ አትሸጪውም። ኤስፒኤስ ደግሞ ሲለቀቅ በየሳምንቱ ሩብ ሩቡ ስለሆነ አራት ሳምንት ይፈጃል።

ታዲያ ከፋዩ ማነው? እቁብ ሲደርስሽ ብሩ ከአባላቱ ኪስ እንደወጣ ታውቂያለሽ፣ ዳኛውንም ታውቂዋለሽ። እዚህ ግን ጨዋታው የሚከፍልሽ ራሱ በፈጠረው ቶክን ነው። ቶክኑ ገንዘብ የሚሆነው ከአንቺ የሚገዛ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። አዲስ ሰው ሲጎርፍ ዋጋው ይወጣል፤ ሰው ሲቀንስና ሁሉም የደረሰውን ልሽጥ ሲል ይወርዳል። ኤስፒኤስ በ2021 አንድ ዶላር አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በ2023 ከአምስት ሳንቲም በታች ሆነ።

በሒሳብ እንየው። በ200 ዶላር 200 ቶክን ገዝተሽ አስያዝሽ እንበል። በዓመት 30 በመቶ ይጨመራል ተባልሽ፣ እውነትም ተጨምሮ 260 ሆነ። የአንዱ ዋጋ አምስት ሳንቲም ከሆነ ግን በእጅሽ ያለው 13 ዶላር ነው። የተባለው ሁሉ ተፈጽሟል፤ ደመወዝሽ ግን የለም።

ቁልፉ ለእኛ ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብዳል። እናት ታመመች ተብሎ ሲደወል፣ ወይም ማዳም ድንገት ቲኬት ቆርጣ ወደ አገርሽ ሂጂ ስትል፣ አራት ሳምንት የሚታገስ ችግር የለም።

ፊሊፒናዊት ጓደኛ ካለችሽ ስለ አክሲ ኢንፊኒቲ ጠይቂያት። በ2021 በአገራቸው ብዙ ሰው እንደ ሥራ ይዞት ነበር። ዋጋው ወደቀ፤ በመጋቢት 2022 ደግሞ ሌቦች ከጨዋታው መረብ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዘረፉ።

ሕጉም አለ። ኩዌት በ2023 በእንዲህ ዓይነት ገንዘብ መክፈልንም ኢንቨስት ማድረግንም ከልክላለች። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል።

«አካውንቱን እኔ ልክፈትልሽ» የሚል ሰውም ይመጣል። ዋሌት ሲከፈት 12 ወይም 24 የሚስጥር ቃላት ይሰጣሉ፤ እነዚያን ቃላት ያየ ሁሉ፣ አንቺ ተኝተሽ ሳለ ያለሽን ወደ ራሱ ማዞር ይችላል፤ ባንክ እንዳለው ገንዘብ ደውለሽ የምታሳግጂበት ስልክ የለም።