ዋት ብቻውን አርማታ አይበሳም

ወደ መርካቶ የኤሌትሪክ መሣሪያ መደብሮች ጎራ የሚል የድሪል ገዥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። አንደኛው “ስንት ነው?” ሲሆን ሁለተኛው “ስንት ዋት ነው?” የሚል ነው። ሻጩም የገዥውን ልብ ስለሚያውቅ ካርቶኑን አዙሮ በትልልቁ የተጻፈውን ቁጥር ያሳያል። ከ600 ይልቅ 850፣ ከ850 ይልቅ ደግሞ 1,100 እንደሚሻል የተነገረው ገዥ ልዩነቱን ከፍሎ ይሄዳል። ቅሬታው የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ባለ 1,100 ዋቱ ድሪል የአርማታ ምሰሶ ላይ ተደግኖ ሲጮህና ሲያጨስ ይቆይና ጥፍር የምታህል ጉድጓድ ብቻ ይተዋል። አንድ ባለሙያ ይዞት የመጣው ባለ 780 ዋት መሣሪያ ግን እዚያው ምሰሶ ላይ ያንኑ ሥራ በሰከንዶች ጨርሶ ይወጣል።

እዚህ ላይ ገዥው ተጭበርብሬያለሁ ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ዕቃው ሐሰተኛ ሆኖ ሳይሆን የተጠየቀው ጥያቄ የተሳሳተ ሆኖ ነው። ስህተቱ ደግሞ ከዚህ ቀደም ከነበረው የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት 60 ብር ያልሞላው የዶላር ዋጋ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ድሪል ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ያለቦታው የተገዛ ድሪል ኪሳራም በዚያው ልክ ከብዷል።

ሁለት ዓይነት ምት

የግራ መጋባቱ ምንጭ “ሀመር” የምትለው ቃል ናት። በአሠራር ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት መሣሪያዎች ካርቶን ላይ ትገኛለች።

የመጀመሪያው ተራው ባለ ምት ድሪል ነው። ውስጡ ሁለት ጥርስ ያላቸው የብረት ቀለበቶች ፊት ለፊት ተገጥመዋል። ሞተሩ ሲዞር አንዱ ቀለበት በሌላው ጥርስ ላይ እየዘለለ ፑንታውን ወደፊት ያንቀጠቅጠዋል። ለምሳሌ ማኪታ ኤችፒ 1630 የተባለው ሞዴል 710 ዋት ሲሆን በደቂቃ እስከ 3,200 ጊዜ ይዞራል፣ እስከ 48,000 ጊዜም ይመታል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ምቱ ግን ቀላል ነው። ጉልበቱም የሚመጣው በአብዛኛው ከኋላ ሆኖ ከሚገፋው ሰው ክንድ ነው። ሰውየው ሲደክም ድሪሉም ይደክማል።

ሁለተኛው በባለሙያዎች እጅ የሚታየው መዶሻ ድሪል ነው። በዚህኛው ውስጥ ፒስተን አለ። ፒስተኑ ወደፊትና ወደኋላ ሲመላለስ በመካከል የታመቀው አየር አንዲትን የብረት መዶሻ ወርውሮ ከፑንታው ቂጥ ጋር ያላትማታል። ከዚያው ፋብሪካ የወጣው ኤችአር 2470 የሚባለው ሞዴል 780 ዋት ነው። በደቂቃ የሚዞረው እስከ 1,100፣ የሚመታው ደግሞ እስከ 4,500 ጊዜ ብቻ ነው። የምቱ ቁጥር ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ አይሞላም። ሆኖም እያንዳንዱ ምት የመዶሻ ምት ስለሆነ እስከ 24 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በአርማታ ላይ ያወጣል፤ ሰውየውም አቅጣጫ ከመጠበቅ በስተቀር ብዙ መግፋት አይጠበቅበትም።

በሁለቱ መካከል ያለው የዋት ልዩነት 70 ብቻ ነው። በመሆኑም አርማታ የሚበሳ ገዥ ሊጠይቅ የሚገባው የአንዱን ምት ጉልበት ነው። ይህ የሚለካው በጁል ሲሆን፣ ለምሳሌ ቦሽ ጂቢኤች 2-26 በሚባለው መዶሻ ድሪል ላይ 2.7 ጁል ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ካርቶኑ ላይ ስለ ጁል አንዲት ቃል ከሌለ ዕቃው ተራው ባለ ምት ድሪል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሌላው መለያ አፉ ነው። ተራው ድሪል ፑንታውን በሦስት ጥርስ ነክሶ፣ በቁልፍ ወይም በእጅ ጠብቆ ይይዛል። መዶሻ ድሪል ግን ኤስዲኤስ የሚባል፣ ፑንታውን ገፋ አድርጎ በማስገባት ብቻ የሚቆለፍ አፍ አለው። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ይህ ዘዴ ፑንታውን አጥብቆ አይነክሰውም፤ መዶሻዋ ስትመታው ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ እንዲንሸራተት ይተወዋል። አነስተኛው ኤስዲኤስ ፕላስ ሲባል የፑንታው እግር 10 ሚሊ ሜትር ነው። ለከባድ ሥራ የሚውለው ኤስዲኤስ ማክስ 18 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ለሌላው አይገጥምም። ፑንታ የሚያከፋፍል ነጋዴ ሁለቱን ደባልቆ ካዘዘ ግማሹ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀርበታል።

ለቤት የሚበቃው

ታዲያ ሁሉም ሰው መዶሻ ድሪል ይግዛ ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ ቤቶች፣ ኮንዶሚኒየሞቹን ጨምሮ፣ ግድግዳቸው በአብዛኛው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ብሎኬት በከባድ ምት ሲበሳ ከውስጥ በኩል እየተፈረፈረ ቀዳዳው ከሚፈለገው በላይ ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ፊሸሩ አይይዝም። ስለዚህ ለብሎኬት ተራው ድሪል፣ እንዲያውም ምቱ ተዘግቶ በማዞር ብቻ፣ የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ችግር የሚፈጥረው መጋረጃ ነው። የመጋረጃ ብረት የሚሰቀለው ከመስኮቱ አናት ላይ ሲሆን፣ እዚያ ላይ ብዙውን ጊዜ የአርማታ አግዳሚ አለ። ሥዕል በአምስት ደቂቃ የሰቀለ አባወራ መጋረጃው ላይ ሲደርስ ድሪሉ ተበላሸ ብሎ ወደ ሱቅ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ለስድስት ወይም ለስምንት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከ600 እስከ 750 ዋት ያለው፣ አፉ 13 ሚሊ ሜትር የሚቀበል ባለ ምት ድሪል በትዕግሥትና ጫፉ ባልደነዘ የአርማታ ፑንታ ይህንንም ይወጣዋል። ፍጥነቱ በጣት ጫና የሚጨምርና የሚቀንስ፣ ወደ ግራም የሚዞር ከሆነ የቤት ሰው ከዚህ የበለጠ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም።

ባለሙያው ግን ሌላ ሒሳብ አለው። አንድ የአልሙኒየም በርና መስኮት ገጣሚ ሦስት ሠራተኛ ይዞ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ድሪሉ ቢቃጠልበት፣ የሚከስረው የድሪሉን ዋጋ ብቻ አይደለም። የሦስት ሰው የቀን ሒሳብ፣ መርካቶ ደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ከሁሉም በላይ በቀን ገደብ የተያዘ ውል አለ። ለምሳሌ ያህል ርካሹ ድሪል የጥሩውን ግማሽ ዋጋ ቢያወጣና በዓመት ሦስት ጊዜ ቢቀየር፣ በዕቃ ዋጋ ብቻ አንድ እጅ ተኩል ይሆናል። የቆመው ሥራ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከአንድ ባለ 1,100 ዋት ባለ ምት ድሪል ይልቅ አንድ መካከለኛ መዶሻ ድሪልና አንድ ተራ ድሪል ጎን ለጎን መያዝ ያዋጣል።

አርማታ ውስጥ ፌሮ አለና የጎን እጀታና የሚያንሸራትት ክላች የሌለውን ባለሙያ መግዛት የለበትም። ፑንታው ፌሮ ይዞ ድንገት ሲቆም ክላች ያለው ሞተር ለብቻው ይዞራል፤ የሌለው ግን የሠራተኛውን አንጓ ይዞ ይዞራል። መሰላል ላይ ለቆመ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ብረት ቤቶችስ? አንጎላሬና ቱቦላሬ የሚበሳ ሰው ምት ምንም አያደርግለትም፤ የሚፈልገው ዝግታ ነው። ለተራ ብረት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፑንታ በደቂቃ 1,300 ዙር ገደማ፣ ባለ 13 ሚሊ ሜትር ደግሞ 600 ገደማ ሲዞር ይበቃዋል። 3,000 የሚዞር ድሪል ላይ ትልቅ ፑንታ ገጥሞ መጫን ፑንታውን አግሎ ማደንዘዝ ነው። ስለሆነም ለብረት ሥራ ባለ ሁለት ማርሽ ድሪል ይመረጣል። በአንደኛ ማርሽ ዙሩ ሲቀንስ የመጠምዘዝ ጉልበቱ ይጨምራልና።

ዋቱ የት ይገባል?

ይህ ሁሉ ሲባል ዋት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ግን ድሪሉ ከሶኬት የሚወስደው እንጂ ለፑንታው የሚያደርሰው አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ሞተሮች ከሚገባው ኃይል ወደ ግማሽ የሚጠጋው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱን የሚያወጣው ደግሞ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ማራገቢያ ነው። ድሪሉ ተጭኖ ዙሩ በወረደ ቁጥር ማራገቢያውም ይደክማል። ሞተር የሚቃጠለው በዚህ ጊዜ ነው። ያደረ ልማድ ያላቸው ባለሙያዎች ሞተሩ ሲግል ድሪሉን ከግድግዳ አውጥተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ባዶውን በሙሉ ፍጥነት ያዞሩታል። ሥራ መፍታት ይመስላል እንጂ ሞተሩን ማቀዝቀዣ ነው።

ኤክስቴንሽንም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ባለ 1,000 ዋት ድሪል በ220 ቮልት ወደ 4.5 አምፔር ይስባል። ይህ ኃይል 50 ሜትር ርዝመት ባለው 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ሲያልፍ አሥር ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ 1.5 በሆነው ሽቦ ግን አምስት ገደማ ብቻ ነው። የሰፈሩ መብራት ራሱ ደከም ባለበት ሰዓት ልዩነቱ ፑንታው ላይ ይታወቃል። እንደተጠቀለለ የሚሠራበት ኤክስቴንሽን ደግሞ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይቀልጣል።

በቮልት ረገድ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ግን ከአሜሪካ በሚመጣ ስጦታ ነው። ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ በሻንጣው የያዘው ድሪል የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። የስፒናውን እግር በአዳፕተር አስተካክሎ የእኛ ሶኬት ላይ የሰካው ሰው አንዴ ይጮህለትና ይጨሳል። አዳፕተር እግር ይቀይራል እንጂ ቮልት አይቀይርም። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት ግድ ነው፤ የትራንስፎርመሩ አቅምም ከድሪሉ ዋት መብለጥ አለበት። ከዱባይ የመጣ ግን ቮልቱ ስለሚስማማ ሦስት እግሩን ስፒና መቀየር ብቻ ይበቃዋል።

ስምና መለዋወጫ

ቦሽ ለባለሙያ የሚሠራቸውን ሰማያዊ፣ ለቤት የሚሠራቸውን አረንጓዴ ቀለም ይቀባቸዋል። አረንጓዴውን ቀን ሙሉ አርማታ ላይ አስለፍቶ ፋብሪካውን መውቀስ አግባብ አይደለም። የሂታቺ ጉዳይ ደግሞ ነጋዴውን ይመለከታል። የዚያ ፋብሪካ የእጅ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ስማቸው ሃይኮኪ ተብሏል። ስለዚህ አሁን የተመረተ አዲስ “ሂታቺ” ድሪል ነው ተብሎ በብዛት የቀረበለት ገዥ፣ የቆየ ክምችት ይሁን ወይም ተመሳስሎ የተሠራ ሳያጣራ እጁን መዘርጋት የለበትም።

በባትሪ የሚሠሩ ድሪሎች ገበያውን እየተሻሙ መምጣታቸው እርግጥ ነው። መሰላል ላይ ለሚሠራ ይመቻሉ። ባትሪው ግን ተሠራበትም አልተሠራበትም ያረጃል፣ ዋጋውም ውድ ነው። ባለ ገመዱ አሥር ዓመት መሳቢያ ውስጥ ከርሞም ሶኬት ሲያገኝ ይነሳል።

ለዚህም ሁኔታው ካርቦን ማግኘት ነው። በተራ ባለ ገመድ ድሪል ሞተር ውስጥ ኤሌትሪክ የሚያስተላልፉ ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች አሉ፤ እያለቁ የሚሄዱ በመሆናቸው በየጊዜው ይቀየራሉ። በአንዳንዱ ድሪል ጎንና ጎን ላይ በጠፍጣፋ መፍቻ የሚከፈቱ ሁለት ክዳኖች አሉ፤ ካርቦኑ በዚያ በኩል በሁለት ደቂቃ ይቀየራል። በሌላው ገላውን በሙሉ መፍታት ያስፈልጋል። ያለቀ ካርቦን ሳይቀየር ሲሠራበት የሞተሩን መዳብ እየበላ ድሪሉን ወደ ሞተር ጠምጣሚ ይልከዋል። የአነስተኛ ድሪል ሞተር ማስጠምጠሚያ ደግሞ አንዳንዴ ከአዲስ ድሪል ዋጋ ብዙም አይርቅም። ድሪል አስመጪ ለሆነ ሰው ከእያንዳንዱ ካርቶን ጋር ሁለት ጥንድ ትርፍ ካርቦን ማዘዝ የሚያስወጣው ጥቂት ነው፤ ደንበኛው ግን ያን ሱቅ አይረሳውም። ቤት ውስጥ ያለውን ድሪል ካርቦን የሚቀይር ሰው አሮጌውን ይዞ ይሂድ። መጠኑ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከሰፋ ማቀፊያው ውስጥ አይንሸራተትም፤ ከጠበበም ይንገዋለላል።